ጤፍ የሚያክል ዕቃ በካውያ እንዴት ይበየዳል

ኤስኤምዲ ዕቃ፣ ማለትም በቀዳዳ ሳያልፍ ቦርዱ ገጽ ላይ ተቀምጦ የሚበየድ ደቃቅ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ለእኔ አይሆንም።» እኔም ብዬው ነበር። ለብዙ ጊዜ ረጅም እግር ያላቸውን፣ በቦርዱ ቀዳዳ አልፈው ከጀርባ የሚበየዱትን ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድቡ ዕቃዎች) ብቻ ስበይድ ቆየሁ። ጉዳዩ የእጅ መስሎኝ ነው። አይደለም። እጄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ በተለይ ጠዋት፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ። የተለወጠው ሁለት ነገር ነው። ፍለክስ፣ ማለትም ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳውን ቅባት፣ መቀባት ለመድኩ። መርፌ የመሰለውን የካውያ ጫፍ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ካውያ ስል የልብሱን አይደለም፤ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚይዙትን፣ ጫፉ የሚግለውን ነው። ሊድ የምለውም በጥቅል የሚሸጠውን፣ የሚቀልጠውን ሽቦ ነው።

መጠናቸውን እንወቅ

የእነዚህ ዕቃዎች መጠን የሚጠራው በቁጥር ነው። 1206 የሚባለው ርዝመቱ 3.2 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 1.6 ነው። የሰሊጥ ፍሬ በሉት። 0805 የሚባለው 2 በ1.25 ሚሊሜትር ነው። 0603 ደግሞ 1.6 በ0.8። ከዚያ 0402 ይመጣል፤ 1 ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር። እሱ ጤፍ ነው፣ ያውም ደቃቁ።

በ0805 ጀምሩ። 1206 በጣም ስለሚቀል ብዙ አያስተምርም፤ 0402 ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ያስቆርጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥሮቹ የመጡት ከኢንች ነው፤ 0805 ማለት 0.08 በ0.05 ኢንች ነው። አንዳንድ ሻጮች ግን በሚሊሜትር ይጽፋሉ። በሚሊሜትር 0603 ተብሎ የተጻፈ ዕቃ በኢንቹ አጠራር 0201 ነው፤ ከጤፍም ያነሰ። ከውጭ ስታዝዙ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። በሚሊሜትር ስንት በስንት እንደሆነ አንብቡ። እኔ ሳላነብ ያዘዝኩት አንድ ጥቅል እስካሁን አለ፤ ትንፋሽ ብቻ ይበቃዋል፣ ብን ይላል።

ሬዚስተር ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። 103 ማለት 10 ጻፉና ሦስት ዜሮ ጨምሩ ማለት ነው፤ 10,000 ኦም። 472 ደግሞ 4,700 ኦም። የሴራሚክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ላይ ግን ምንም አይጻፍም። ቡናማ ድንጋይ ናት፣ በቃ። ከጥቅሏ ያወጣችኋትን ካፓሲተር ሌላ ካፓሲተር አጠገብ ካስቀመጣችሁ ማን ማን እንደሆነ በዓይን አትለዩም። አንዷን በይዳችሁ ሳትጨርሱ ሌላዋን ከጥቅሏ አታውጡ።

ምን ያስፈልጋል

የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ካውያ። ብር ከተረፋችሁ እዚህ ላይ አውጡት። መቆጣጠሪያ የሌለው ባለ 60 ዋት ካውያ ዝም ብሎ ከተተወ ጫፉ ከ400 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ፓዱ፣ ማለትም ዕቃው የሚቀመጥበት ስስ የመዳብ ገጽ፣ ከቦርዱ ተላጦ ይነሳል። የተነሳ ፓድ ደግሞ ተመልሶ አይተኛም።

ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ሰያፍ የተቆረጠ ይሁን፤ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። እዚህ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ጫፉም መርፌ መሆን ያለበት ይመስላል። መርፌው ቦርዱን የሚነካው በነጥብ ብቻ ነው፤ ሙቀት አያሻግርም። ሊዱ ፓዱን ትቶ ወደ ካውያው ወገብ ይወጣል። ሰው ደግሞ ሙቀቱን ይጨምራል፣ ፍለክሱ ይቃጠላል፣ ጫፉ ይጠቁራል። ጠፍጣፋው ጫፍ በዝቅተኛ ሙቀት ሥራውን በአንድ ሰከንድ ይጨርሳል።

ጫፉን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ውስጡ መዳብ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ስስ የብረት ሽፋን ከተነሳ ሊድ መዳቡን እየበላ ይጨርሰዋል። በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉት፣ ሥራ ስታቆሙ ትንሽ ሊድ አልብሳችሁ አጥፉት።

ሊዱ 0.5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነ ይሁን። ለጀማሪ የሚሻለው 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ ያለበት ነው፤ 183 ዲግሪ ላይ በአንዴ ይቀልጣል፣ በአንዴ ይረጋል። እርሳስ የሌለበት ዓይነት ከ217 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ሲረጋም ድብዝዝ ይላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ገና 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ሽሮውም ባቄላውም ጊዜ ይወስዳል። ሊድ ግን ደጋ ቆላ አያውቅም። ሸዋ ሮቢትም 183 ነው፣ መሐል ሜዳም 183 ነው።

እርሳስ መርዝ ነው። ጭሱ ውስጥ ሳይሆን ጣታችሁ ላይ ነው የሚቀረው፤ ካውያ እርሳስን እስኪተን አያግለውም። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። ከሥራ ተነስታችሁ ወደ ማዕድ ከመቅረባችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ። ውሃ ማስነካት ብቻ አይበቃም። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ጠረጴዛውንም ጥረጉ።

ከዚህ ሌላ ቀጭን ወረንጦ ግዙ። እሾህ የምንነቅልበት ወረንጦ ጫፉ ደንደን ያለ ስለሆነ አይሆንም። ማግኔት የማይስበው ይሁን፤ የዕቃዎቹ ጫፍ ውስጥ ኒኬል ስላለ ማግኔት ያለው ወረንጦ ላይ ተጣብቀው አንለቅም ይላሉ። አጉሊ መነጽር፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ትርፍ ሊድ የሚመጥ የመዳብ ጥልፍ ሽቦ እና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጨምሩ። አጉሊ ከሌለ የስልካችሁ ካሜራ አለ፤ አጉልታችሁ ፎቶ አንሱና ተመልከቱ። እኔ ብዙ ጊዜ የማየው በእሱ ነው።

መለማመጃ ቦርድ አትግዙ። የሞተ የዲሽ ሪሲቨር፣ የተቃጠለ የኤልኢዲ አምፖል፣ የቴሌቪዥን ቦርድ፤ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ጠይቃችሁ ውሰዱ። እኔ ጋ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አለ።

ጠረጴዛው

ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉና ቦርዱን እዚያ ላይ አድርጉ። ከወረንጦ አምልጣ የምትፈናጠር ዕቃ ትሪው ውስጥ ትቀራለች። መሬት ከወደቀች እርሟን አውጡ። ሰፌድ ይሻላል ያለኝ ጓደኛ ነበር፤ ሞከርነው። ዕቃዋ ስፌቱ መሃል ተሰንቅራ ቀረች።

አከራዬ እማማ አንድ ቀን በሩን ገፋ አድርገው ገቡና ትሪው ላይ አጎንብሼ አገኙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ጤፍ እየለቀምክ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ጤፍ ይነፋል እንጂ ይለቀማል እንዴ?»

«እኮ! እኔስ ምን አልኩህ» ብለው በሩን ዘጉት።

ሁለተኛው ነገር ሱፍ ነው። የእኛ አገር ሰው ብርዱን የሚችለው በሱፍ ነው፤ የመንዝ ባና፣ በርኖስ፣ ሹራብ። ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ውርጭ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ሹራብ ስታወልቁ ጠቅ ጠቅ እያለ ብልጭታ የሚታየው ያኔ ነው። ያ ብልጭታ ብዙ ሺህ ቮልት ነው። ሰው ላይ ምንም አያደርግም፤ ሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) እና አይሲ (ብዙ እግር ያለው ጥቁሩ ቺፕ) ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ግን ይበሳዋል። ባናውን ወዲያ በሉት፣ የጥጥ ጋቢ ደርቡ። አይሲ ከመንካታችሁ በፊት መሬት ውስጥ የገባ የብረት የውሃ ቧንቧ ንኩ። ሬዚስተር ብቻ ከሆነ የምትበይዱት ግን አትጨነቁ፤ ግድም አይሰጠው።

ሦስተኛው ንፋስና ጭስ። በሩን ከፈት ካደረጋችሁ ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ንፋስ ካውያውን ያቀዘቅዘዋል፤ ከዘጋችሁት የፍለክሱ ጭስ ደረት ይይዛል። አሮጌ የኮምፒውተር ፋን ወስዳችሁ ጭሱን ከፊታችሁ ወደ መስኮት እንዲስብ አድርጉ። ወደ ቦርዱ እንዲነፋ አይደለም፣ እንዲስብ። ለሙቀት ብሎ ከሰል አንድዶ ቤት መዝጋት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል።

ፍለክስ

ነገሩ ሁሉ እዚህ ነው ያለው።

መዳብ አየር ሲነካው ስስ ሽፋን ያወጣል። ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። የቀለጠ ሊድ ይህን ሽፋን አይወድም፤ ሰም የተቀባ ሳህን ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ተድቦልቡሎ ይቀራል። ፍለክስ ሲሞቅ ያንን ሽፋን ይበላዋል፣ ከአየርም ይከልለዋል። ያኔ ሊዱ ተንጣሎ መዳቡን ይይዛል።

«ሊዱ ውስጥ ፍለክስ አለ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ። ግን ካውያው ጫፍ ላይ ከቀለጠ በኋላ በሁለትና ሦስት ሰከንድ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ባለ ረጅም እግሩን ዕቃ ስትበይዱ ሊዱን በቀጥታ መጋጠሚያው ላይ ስለምታቀልጡት ይደርሳል። ኤስኤምዲ ላይ ግን አንድ እጅ ወረንጦ፣ አንድ እጅ ካውያ ነው የሚይዘው። ሊዱን የሚያቀብል ሦስተኛ እጅ የለም። ስለዚህ ሊዱ በካውያው ጫፍ ተጭኖ ይመጣል፣ እስኪደርስ ፍለክሱ አልቋል። ተጨማሪ ፍለክስ የሚቀባው ለዚህ ነው። ካውያውን ስታነሱ ሊዱ እንደ ማር ሹል ጭራ አውጥቶ ከተሳበ ፍለክሱ አልቋል ማለት ነው፤ ሙቀት አትጨምሩ፣ ፍለክስ ጨምሩ።

ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የተሠራውን፣ ስልክ ጠጋኞች በመርፌ ቱቦ የሚይዙትን ግዙ። ባልዲና ራዲያተር በያጆች የሚጠቀሙበትን አሲድ በጭራሽ። ዛሬ ያምራል፣ ከወር በኋላ አረንጓዴ ሆኖ የቦርዱን መስመር ይበላዋል። አንዴ ደግሞ ፍለክስ አልቆብኝ፣ «ሙጫ ሙጫ ነው» ብዬ እጣን ሞከርኩ። ቤቱ ቅዳሴ ቅዳሴ ሸተተ፣ ቦርዱ ከሰል ሆነ።

ጠዋት ላይ ፍለክሱ በብርድ ደርቆ ከቱቦው አልወጣ ካለ ለአምስት ደቂቃ ብብታችሁ ሥር ያዙት።

የመጀመሪያዋ ሬዚስተር

ካውያውን 330 ዲግሪ ላይ አድርጉ። እርሳስ ለሌለው ሊድ 350 በሉት።

1. ሁለቱንም ፓድ በአልኮል ጥረጉና ፍለክስ ቀቡ። የስንዴ ቅንጣት የምታክል ትበቃለች።

2. አንዱን ፓድ ብቻ ሊድ አጉርሱት። ቀኝ እጅ ከሆናችሁ የቀኙን፣ ግራ እጅ ከሆናችሁ የግራውን። ትንሽ ጉብታ እስኪሠራ ድረስ ብቻ። ሁለቱን ካጎረሳችሁ ዕቃዋ በአንድ በኩል ተሰቅላ ትቀራለች።

3. ሬዚስተሯን በወረንጦ በወገቧ ያዙ። ቁጥሩ ወደ ላይ። ሁለቱንም የእጅ አንጓ ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ። እጅ የሚንቀጠቀጠው አየር ላይ ሲንጠለጠል ነው፤ የተደገፈ እጅ ላይ የሚቀረው መንቀጥቀጥ ከዕቃዋ ያነሰ ነው።

4. ጉብታውን በካውያው አቅልጡ፣ እንደቀለጠ ሬዚስተሯን ከጎን አንሸራታችሁ አስገቧት። ከላይ አትጫኗት፤ ቦርዱን እየታከከች ትግባ። ካውያውን አንሱ። ወረንጦውን ግን አትልቀቁ። በልባችሁ «አንድ፣ ሁለት» በሉና ልቀቁ።

5. ተመልከቱ። ጠማማ ከሆነች አሁኑኑ አስተካክሉ፤ አንድ ወገኗ ብቻ ስለተያዘ መልሶ ማቅለጥ ቀላል ነው።

6. ሌላውን ወገን በይዱ። እዚህ እጃችሁ ነፃ ስለሆነ ሊዱን በቀጥታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ካውያው ፓዱንም የሬዚስተሯንም ጫፍ በአንድ ላይ ይንካ፣ ሊዱ ይምጣ፣ አንድ ሰከንድ፣ በቃ።

7. ወደ መጀመሪያው ወገን ተመለሱ። ያ ብየዳ ፍለክሱ የተቃጠለበት ስለሆነ ጠቁሮና ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ፍለክስ ቀብታችሁ ለአንድ ሰከንድ ንኩት።

ሰባተኛውን ሰው ይዘለዋል። እሱ ላይ አጉሊውን አስጠግታችሁ እዩት። ደብዛዛውና ቡጭቅጭቁ ሊድ ፍለክሱ እንደሞቀ በድንገት ያበራል። ጎኑ ከጉብታነት ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ቁልቁለት ይሆናል፣ ከፓዱ ተነስቶ የሬዚስተሯን ጫፍ ይወጣል። የቀለጠ ሊድ ራሱን ስለሚሰበስብ ዕቃዋን ወደ መሃል ስብ ያደርጋታል። እናንተ ያላስተካከላችሁትን እሱ ሲያቀና ታያላችሁ። ይህን ካየሁ በኋላ ነው ስለ እጄ ማሰብ የተውኩት።

የሴራሚክ ካፓሲተር ላይ ቀስ በሉ። በድንገት በጣም ከሞቀ ወይም በካውያ ከተጫናችሁት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ሾርት ይሆናል። ኤልኢዲና ዳዮድ አቅጣጫ አላቸው፤ ከመበየዳችሁ በፊት በቴስተሩ የዳዮድ ምርጫ ላይ ለዩ። ታንታለም ካፓሲተር ደግሞ ሰው ያሞኛል። ክቡ ኤሌክትሮላይቲክ ላይ መስመሩ ነጌቲቭ ነው፣ ታንታለም ላይ ግን መስመሩ ፖዘቲቭ ነው። ገልብጣችሁ ከበየዳችሁት እሳት ይተፋል።

ብዙ እግር ያለው አይሲ

ባለ 8 እግሩ የተለመደው አይሲ በእግሮቹ መሃል ለመሃል 1.27 ሚሊሜትር ርቀት አለው፤ ሰፊ ነው፣ በእሱ ተለማመዱ። ማይክሮኮንትሮለሮች (ፕሮግራም የሚጫንባቸው አይሲዎች) ላይ ግን 0.5 ሚሊሜትር ድረስ ይጠባል። አሠራሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ ነጥቧን ፈልጉ። አይሲው ጥግ ላይ ያለችው ነጥብ አንደኛውን እግር ታሳያለች፤ ቦርዱ ላይም ምልክት አለ። ሁለቱ ይግጠሙ። የጥግ ፓድ አንዱን ሊድ አጉርሱ፣ አይሲውን አስቀምጡና እሱን እግር ብቻ ያዙት። አሁን በአጉሊ በአራቱም ወገን እዩ። አልገጠመም? አቅልጡና አንቀሳቅሱ። አሥር ጊዜም ቢሆን። ሲገጥም በሰያፍ ያለውን ተቃራኒ ጥግ ያዙት። ከዚህ በኋላ አይነቃነቅም።

ከዚያ እግሮቹን በሙሉ በፍለክስ አጥምቁ። አትሰስቱ። ጠፍጣፋው ጫፍ ላይ ትንሽ ሊድ ያዙና ከእግሮቹ ጫፍ ጀምሮ ወደ ራሳችሁ በዝግታ ጎትቱ። እያንዳንዱ እግር ድርሻውን ይወስዳል። ሁለት እግር በሊድ ከተያያዘ አትደንግጡ፣ በምላጭም አትቧጥጡ። ፍለክስ ጨምሩ፣ ጫፉን ጠርጋችሁ ባዶውን በመሃላቸው ወደ ውጭ ሳቡ፤ ትርፉ ሊድ ወደ ካውያው ይወጣል። እምቢ ካለ የመዳብ ጥልፉን ፍለክስ ቀብታችሁ ላዩ ላይ አድርጉና ከላይ በካውያው አሙቁ፤ ይመጠዋል። ጥልፉንና ካውያውን አብራችሁ አንሱ። ጥልፉ ከረጋ በኋላ ከጎተታችሁት ፓዱ አብሮ ይመጣል።

እግር የሌላቸው፣ ሆዳቸው ሥር የሚበየዱ አይሲዎች በካውያ አይሞከሩም። ሆት ኤር (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) እና የሊድ ክሬም ይፈልጋሉ። ቤት ውስጥ ምጣድ ላይ አስቀምጠው የሚያቀልጡ አሉ፤ ይሠራል። ግን እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ላይ እንዳታደርጉት። አንዴ እርሳስ የነካው ምጣድ ወደ ጓዳ አይመለስም።

ተበላሽቶ ለማንሳት

ሁለት ጫፍ ያላትን ዕቃ ለማንሳት በሁለቱም ወገን ሊድ ጨምሩባት። አዎ፣ ጨምሩ። ሊዱ በዝቶ ሙቀት ሲይዝ ጠፍጣፋውን ጫፍ በጎኗ አጋድሙና ሁለቱንም በአንዴ ንኩ፤ ትንሳፈፋለች፣ ጠረግ ስታደርጓት ትወጣለች። የፋብሪካ ቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ እርሳስ የሌለው ሊድ ስላለ የእናንተ 63/37 ሲቀላቀለው ማቅለጫው ዝቅ ይላል።

መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ካውያው እየቀዘቀዘ ነውና እጃችሁን አንሱ። ግማሽ የቀለጠ ሊድ ላይ ዕቃ መግፋት ፓድ ይነቅላል። መብራቱ ሲመጣም ካውያው ሶኬት ላይ እንዳለ እንዳትረሱት። እኔ ገበያ ሄጄ ስመለስ ግሎ፣ ጠረጴዛውን አጥቁሮ ጠብቆኛል።

ከመሰካታችሁ በፊት

ቦርዱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮልም ይሆናል፤ ውሃ ስላለበት ግን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። የቤት አረቄ ይሆናል ወይ ያሉኝ አሉ፤ ውሃው ይበዛል፣ ደግሞም ያሳዝናል።

ከዚያ ስልካችሁን አውጡና እያንዳንዱን ብየዳ አጉልታችሁ አንሱ። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ላይ አድርጉና ጎን ለጎን ያሉ እግሮችን ሁለት ሁለቱን ለኩ። እያንዳንዱን እግር በቀጭን እንጨት ገፋ አድርጉ፤ የላላ ካለ ይነቃነቃል። በመጨረሻ የኃይል መግቢያው ላይ ፖዘቲቭና ነጌቲቩን ለኩ። ትንሽ ጮሆ ዝም ካለ ካፓሲተሮቹ እየሞሉ ነው፣ ደህና ነው። መጮሁን ካላቆመ አትሰኩት። አጉሊውን አንሱና ከአይሲው እግሮች ጀምራችሁ እንደገና ፈልጉ። እነሱ ላይ ካጣችሁት ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ እያነሳችሁ ለኩ፤ ጩኸቱ ያቆመበት እሱ ነው።